«ዘ ላስት ጄዳይ» በእውነት ተወዳጅ ፊልም ነበር ወይ? ሁለት ኪሎ ሥጋ የተያዘበት ክርክር

የማርቆስ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። እኔና የእኅቴ ባል ለዓመታት ስንጓተትበት የኖርነው አንድ ክርክር ባለፈው እሑድ ቡና ላይ እንደገና ተነሥቶ ወደ ውርርድ ስላደረሰን፣ ከሁለታችንም የተሻለ የሚያውቅ ሰው ይፍረደን ብዬ ወደዚህ አምጥቼዋለሁ። ነገሩ በታኅሣሥ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ለእይታ ስለበቃው የተከታታዩ የጠፈር ፊልም የስታር ዋርስ ስምንተኛ ክፍል፣ ማለትም ራያን ጆንሰን ስላዘጋጀው «ዘ ላስት ጄዳይ» ነው።

የእኅቴ ባል ክርክር አጭር ነው። ፊልሙ በመላው ዓለም 1.33 ቢሊዮን ዶላር አስገብቶ በእ.ኤ.አ. 2017 ከወጡት ፊልሞች ሁሉ በገቢ አንደኛ ሆኗል፤ ስለዚህ ተወዳጅ ነበር፤ የሚጠሉት እንደ እኔ ያሉ ጥቂት ጯኺዎች ናቸው። እኔ በበኩሌ የምለው፣ ሮተን ቶማቶስ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ተቺዎች 91 በመቶ ድጋፍ ሲሰጡት ተራው ተመልካች ከ45 በመቶ በታች የሰጠው ፊልም፣ ካዝናው ምንም ቢሞላ ተወደደ ሊባል አይገባውም ነው።

ወገንተኛ መሆኔን አልደብቅም። ሉክ ስካይዎከር በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ተቀምጠን ያደግንበት ጀግና ነው። በዚህ ፊልም ሬይ የተባለችው ልጅ ያን ሁሉ ሰማይ አቋርጣ የአባቱን ሰይፍ አምጥታ እጇን ዘርግታ ስታቀርብለት፣ ተቀብሎ አየት አደረገና፣ ግጦ እንደ ጨረሰው የበቆሎ ቆረቆንዳ በትከሻው ላይ አሻግሮ ወረወረው። እኔ በዚያች ቅጽበት ከፊልሙ ወጥቻለሁ፤ የቀረውን ያየሁት የመግቢያውን ስለ ከፈልሁ ብቻ ነው።

ውርርዱ ጾሙ ሲፈታ የሚበላ ሁለት ኪሎ ሥጋ ከነአዋዜው ነው። እባካችሁ በማስረጃ ፍረዱን፤ ስሜቱ እኛ ዘንድ ሞልቷል።


ጮቄ ሥር (ቢቸና)

ወንድሜ፣ ሥጋው ያንተ ነው። የአሜሪካውን ገበያ ብቻ ብናይ፣ ፊልሙ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት 220 ሚሊዮን ዶላር ካስገባ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ያገኘው 71.6 ሚሊዮን ነው፤ ይህም የ67.5 በመቶ ቅናሽ ነው። ከእርሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ዘ ፎርስ አዌክንስ» ግን በ248 ሚሊዮን ጀምሮ በሁለተኛው ሳምንት 149 ሚሊዮን አግኝቷል፤ የቀነሰው 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ይህን የምጠቅስበት ምክንያት አለኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት ትኬት ሰው የሚገዛው ፊልሙን ሳያየው ነው፤ ስለዚህ ያ ገንዘብ የሚመሰክረው ስለ ስሙ እንጂ ስለ ፊልሙ አይደለም። ያየው ሰው ላላየው ጎረቤቱ ምን እንደ ነገረው የሚታወቀው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ስታር ዋርስን እንደ አሜሪካኖች ከአባት ያልወረሱት ቻይናውያን ደግሞ የበለጠ ግልጽ ነበሩ፤ ለ2015ቱ ፊልም 124 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍለው ለዚህኛው 42 ሚሊዮን ገደማ ብቻ አወጡ።


ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ስታቲስቲክስ በማስተማር የምተዳደር ሰው ስለሆንሁ ከላይ የቀረቡትን ቁጥሮች ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፤ አነባበባቸው ግን የቀን መቁጠሪያን ዘንግቷል። «ዘ ላስት ጄዳይ» የተለቀቀው ዓርብ ታኅሣሥ 6 ቀን ስለሆነ፣ ሁለተኛው እሑዱ በፈረንጆቹ የገና ዋዜማ ላይ ወደቀ፤ በዚያ ምሽት አሜሪካዊው ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ ላይ ነው፣ ብዙ ሲኒማ ቤቶችም ቀደም ብለው ይዘጋሉ። የ2015ቱ ፊልም ሁለተኛ ዓርብ ግን ራሱ የገና ቀን ነበር፤ ምሳ ተበልቶ ስጦታ ከተከፈተ በኋላ ሕዝቡ ወደ ሲኒማ የሚጎርፍበት ቀን ማለት ነው። ደጀን ላይ ያለ አንድ ሥጋ ቤት የቅበላን ሳምንት ሽያጭ በዐቢይ ጾም መግቢያ ሳምንት ከሚሸጠው ጋር አስተያይቶ «ደንበኛዬ ጠላኝ» ብሎ ቢያዝን፣ ጮቄ ሥር የሠሩትን ስሌት ሠራ ማለት ነው።

ትክክለኛው ማነጻጸሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሌላው የስታር ዋርስ ፊልም «ሮግ ዋን» ነው፤ የዚያም ሁለተኛ ሳምንት ከገና ዋዜማ ጋር ተገጣጥሞ ነበርና። እርሱ 58.7 በመቶ ቀነሰ። ስለዚህ የቀን መቁጠሪያው ከ67.5 በመቶው አብዛኛውን ያስረዳል፤ ሁሉንም ግን አያስረዳም፤ ወደ ዘጠኝ ነጥብ የሚጠጋ ያልተመለሰ ዕዳ ይቀራል። ይህን ደግሞ ለማለባበስ አልሞክርም። በሦስተኛው ሳምንት ፊልሙ የቀነሰው 27 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑንም አብሮ ማየት ይገባል፤ ሕዝብ የሸሸው ፊልም እንዲህ አይረጋም። በአሜሪካ ጠቅላላ ገቢው 620 ሚሊዮን ነው፣ ይህም የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ገቢ 2.8 እጥፍ ይሆናል፤ የ«ሮግ ዋን» 3.4 እጥፍ፣ የ2015ቱ 3.8 እጥፍ ነበር። በእርግጥ በተመልካች የተተወ ፊልም ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ደግሞ የ2016ቱን «ባትማን ቪ ሱፐርማን» ይመልከት፤ በ166 ሚሊዮን ጀምሮ 330 ሚሊዮን ላይ ቆመ፤ ሁለት እጥፍ እንኳ አልሞላም።

አሁን ወደ 45 በመቶው ልምጣ፤ ጠያቂው በዋናነት የተደገፈበት ምሰሶ እርሱ ነውና። በዚያን ጊዜ በሮተን ቶማቶስ ላይ ድምፅ ለመስጠት ፊልሙን ለማየት ትኬት መግዛትን ማስመስከር አያስፈልግም ነበር፤ ድረ ገጹ ትኬት መግዛታቸው የተረጋገጠ ሰዎችን ድምፅ ለይቶ ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። በራሱ ፈቃድ መጥቶ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ደግሞ ወይ በጣም የወደደ ወይ በጣም የተናደደ ነው፤ «ደህና ነው» ብሎ ወደ ቤቱ የሄደው አይጽፍም። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን «በፈተናው ላይ ቅሬታ ያለው እጁን ያውጣ» ብዬ የወጡትን እጆች ብቻ ቆጥሬ ስለ ክፍሉ በሙሉ ብናገር ከሥራ መባረር ይገባኛል።

በአንጻሩ ሲኒማስኮር የሚባለው ድርጅት በመጀመሪያው ምሽት ከሲኒማ ቤት የሚወጡ ሰዎችን በር ላይ ካርድ እያስሞላ ውጤት ይሰጣል፤ ለዚህ ፊልም የሰጠው «ኤ» ነው። የእኅትህ ባል ግን በዚህ አይፈንድቅ። የመጀመሪያው ምሽት ተመልካች ከወራት በፊት ቀን ሲቆጥር የነበረ ወዳጅ ስለሆነ ውጤቱ ሁልጊዜ ወደ ላይ ያዘነብላል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውና አድናቂዎቹ ለዓመታት ሲረግሙት የኖሩት የስታር ዋርስ ፊልም «ዘ ፋንተም ሜናስ» እንኳ በር ላይ «ኤ ማይነስ» አግኝቷል። አንደኛው ሚዛን ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ የተንሻፈፈ ነው። በሁለቱ መካከል ልገምት ብባል፣ አብዛኛው ተመልካች ወዶት ወጥቷል፤ የጠላው ወገን ግን ለዚህ ዓይነት ፊልም ከተለመደው በላይ ብዙና በላይ ቁጡ ነበር እላለሁ።


ጮቄ ሥር (ቢቸና)

የመምህሩን እርማት በአክብሮት እቀበላለሁ፤ የሥጋ ቤቱ ምሳሌ ገብቶኛል። ነገር ግን ዘጠኙን ነጥብ «ዕዳ» ብለው ካመኑ በኋላ ቶሎ አለፉት። ስታር ዋርስ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚሠራ ነው፣ ይህም ፊልም ከሦስቱ መሐለኛው ነው፤ የመሐል ክፍል ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ያነሰ ገቢ ያገኛል የሚል መከራከሪያ እንደሚመጣ ስለማውቅ ቀድሜ ልመልሰው። እውነት ነው፤ «ዘ ፋንተም ሜናስ» በአሜሪካ 431 ሚሊዮን ካስገባ በኋላ የ2002ቱ ተከታይ ከ300 ሚሊዮን ብዙም አላለፈም። ነገር ግን የ2005ቱ ሦስተኛ ክፍል ተመልሶ ወደ 380 ሚሊዮን ወጣ። በቀድሞዎቹ ሦስት ፊልሞችም እንዲሁ፣ የ1980ው ከ1977ቱ ቢያንስም የ1983ቱ ከ1980ው በልጧል። በሁለቱም ጊዜ ሕዝቡ መሐል ላይ ቢቀዘቅዝም መጨረሻውን ለማየት ተመልሷል። በዚህኛው ግን 936 የነበረው ወደ 620፣ 620ው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 515 ሚሊዮን ወረደ፤ ሦስተኛው አልተመለሰም።

«ይህ የሦስተኛው ፊልም የራሱ ጥፋት ነው» የሚለኝ ካለ፣ ቀደም ሲል ያልሁትን ልድገም፤ የመጀመሪያው ሳምንት ትኬት የሚገዛው ሳይታይ ነው። ሦስተኛው፣ «ዘ ራይዝ ኦቭ ስካይዎከር»፣ የተከፈተው በ177 ሚሊዮን ነው። ከ220 ወደ 177 ሲወርድ የጠፋው 43 ሚሊዮን ዶላር ሦስተኛውን ገና ያላዩ ሰዎች ያላወጡት ገንዘብ ነው። ታዲያ ያስቀራቸው ምን ያዩት ነገር ነው?


የላህ ማዶዋ (ፍኖተ ሰላም)

ለጮቄ ሥር መልስ አለኝ፤ በመሐል ያዩት «ሶሎ» የተባለ ሌላ የስታር ዋርስ ፊልም አለ። ያ ፊልም የወጣው ከ«ዘ ላስት ጄዳይ» አምስት ወር ብቻ ዘግይቶ ሲሆን በመላው ዓለም 400 ሚሊዮን ዶላር እንኳ አልሞላም። በየዓመቱ ይመጣ የነበረ ድግስ በዓመት ሁለቴ ሲሆን እንግዳው ይሰለቻል። የ43 ሚሊዮኑን ጥፋት ሁሉ በአንድ ፊልም ትከሻ ላይ መጫን ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ እርስዎም ቢሆኑ የትኛው ስንቱን እንደ ወሰደ ከፍለው ሊያሳዩ አይችሉም።

እኔ ፊልሙን የወደድሁ ሰው ነኝ። የወደድሁበትም ምክንያት ብዙዎች የጠሉበት ነው። ልጅቱ ሬይ ወላጆቿ እነማን እንደሆኑ ለማወቅ ስትንገበገብ ቆይታ፣ ማንም አለመሆናቸውን፣ ለመጠጥ ብለው የሸጧት ተራ ሰዎች መሆናቸውን ትሰማለች። ዘር እስከ ሰባት ቤት በሚቆጠርበት አገር ላደገች ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2019ኙ ፊልም ይህን ሽረው የክፉው ንጉሥ የልጅ ልጅ ሲያደርጓት፣ እኔም በተራዬ እንደ ማርቆሱ ልጅ ከፊልሙ ወጥቻለሁ። ያ የተቃዋሚዎችን ቁጣ ለማብረድ የተሠራው ፊልም በሲኒማስኮር «ቢ ፕላስ» ብቻ አገኘ፤ ይህም አብዛኛው ሰው የፈለገው ጯኺዎቹ የጠየቁትን ነው የሚለውን ያጠራጥራል።

ስለ ጩኸት ከተነሣ አንድ ስሌት ላቅርብ። ፊልሙ ከተከታታዩ ታሪክ ይሰረዝ የሚል አቤቱታ በኢንተርኔት ወጥቶ ከ100 ሺህ በላይ ፊርማ አሰባስቦ ነበር፤ ዜናውም ዓለምን አዳረሰ። የአሜሪካውን 620 ሚሊዮን ዶላር በዚያ ዓመት በነበረው አማካይ የትኬት ዋጋ፣ ማለትም በ8 ዶላር ከ97 ሳንቲም ስናካፍለው 69 ሚሊዮን ገደማ ትኬት ይወጣል። ደጋግመው ያዩና ውድ ትኬት የገዙ ስላሉ የሰው ቁጥሩ ከዚያ ያንሳል፤ ቢሆንም ፊርማው ከሰባት መቶ ትኬት ለአንዱ ብቻ የሚደርስ ነው፣ ያውም ፈራሚው ሁሉ አሜሪካዊ ቢሆን። በዚያ ጩኸት ውስጥ በፊልሙ ሮዝ የተባለችውን ሆና የተጫወተችው ኬሊ ማሪ ትራን ስድቡ በዝቶባት እ.ኤ.አ. በ2018 በኢንስታግራም ገጿ ላይ የነበረውን ሁሉ አጥፍታ ወጥታለች። ጥቂት ሰው ብዙ ሊጎዳ ይችላል፤ ብዙ ጎዳ ማለት ግን ብዙ ነበር ማለት አይደለም።


የቀድሞ የቆሎ ተማሪ (ዳንግላ)

በፊልም ጉዳይ ከእናንተ ጋር የምወዳደር አይደለሁም፤ የምጽፈው በቃሉ ላይ ነው። ጠያቂውና የእኅቱ ባል የተጣሉት በፊልሙ ሳይሆን «ተወደደ» በሚለው ቃል ይመስለኛል፤ ቃሉም ሰምና ወርቅ አለው። «ዘንድሮ ጤፍ ተወደደ» የሚል ሰው ጤፍን አፈቀርሁ ማለቱ አይደለም፤ ዋጋው ናረ ማለቱ ነው። የእኅቱ ባል የያዘው የገበያውን «ተወደደ» ነው፤ ጠያቂው የያዘው የልቡን። ሁለቱም በአንድ ቃል እየተናገሩ ሁለት ነገር ስለሚሉ፣ ሌላ አሥር ዓመት ቢከራከሩም አይገናኙም። «ዝነኛ» እና «ታዋቂ» የሚባሉት ቃላት ደግሞ ለዚህ ክርክር አይረዱም፤ የተጠላም ይታወቃልና።

በቅኔ ቤት ሳለሁ የታዘብሁትን ልጨምር። በንግሥ ቀን ቅኔ ሲቀርብ ቤተ ክርስቲያኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሙሉ ነው፤ ሕዝቡ ግን የመጣው ለታቦቱ ነው እንጂ የዚያን ዕለት ቅኔ ሊሰማ አይደለም። ቅኔው የሰመረ እንደሆነ ከሚያውቁት መካከል «ይበል!» የሚል ድምፅ ይነሣል። የመጣውን ሕዝብ ቆጥሮ «ቅኔዬ ተወደደልኝ» የሚል ተማሪ ቢኖር መምህሩ ይስቅበታል፤ ከኋላ ያጉረመረመ አንድ ደብተራ አይቶ «ተጠላብኝ» ቢልም እንዲሁ። ሲኒማስኮር በር ላይ የሚሰበስበው ካርድ ለ«ይበል» ቢቀርብም፣ መምህሩ ከባሕር ዳር እንዳሉት፣ ካርዱን የሚሞላው በዋዜማው ሲጓጓ ያደረ ወዳጅ ነው።


ፍላሽ ጫኝ (ቡሬ)

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚህ ክርክር ከተሳተፍነው መካከል በ1.33 ቢሊዮኑ ውስጥ የተቆጠረ አንድም ሰው ያለ አይመስለኝም። እንደ እኛ በፍላሽና በቪዲዮ ቤት ያየ ሰው በዚያ መዝገብ ላይ የለም።

በ2010 ዓ.ም. መናኸሪያ አጠገብ ፊልምና ዘፈን የምጭንበት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችኝ። ደንበኛው የሚመጣው 8 ጊጋ ፍላሽ ይዞ ነው፤ ፍላሹ ሁልጊዜ ሙሉ ስለሆነ አዲስ ለመጫን ከአሮጌው አንዱ መጥፋት አለበት። ስለዚህ ሥራዬ በሙሉ «የቱን ላጥፋ?» የሚል ጥያቄ ነበር። ለእኔ ከማንኛውም ድረ ገጽ የበለጠ እውነተኛው መመዘኛ ይህ ነው፤ ደንበኛው ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ሲያነብ፣ ጣቱ አንዱ ላይ ደርሶ ሲያመነታና ሲያልፈው ይታያል። የ2015ቱ ስታር ዋርስ ላይ ጣቶች ሲያመነቱ አይቻለሁ። «ዘ ላስት ጄዳይ» ግን ብዙ ሰው አስጭኖት፣ ብዙ ሰው ሳያመነታ ያስጠፋው ፊልም ነው። አልሰደቡትም፤ «እሱን አጥፋው፣ አይቼዋለሁ» ብቻ ነበር የሚሉት። አንዳንዶች ደግሞ ዓመት ሙሉ አላስነኩትም፤ ከእነዚህ አንዱ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር፣ ምክንያቱን ጠይቄው «ሽማግሌው ደስ ይለኛል» አለኝ።

በተረፈ በትርጉም ሲታይ በቪዲዮ ቤቱ ውስጥ የነበረው ነገር ከአሜሪካው የተለየ ነበር። ሉክ ያችን ትልቅ የባሕር እንስሳ አልቦ አረንጓዴውን ወተት እየጠጣ ልጅቱን ቀና ብሎ ሲያያት፣ አሜሪካ ላይ ጀግናችን ተዋረደ ተብሎ ያ ሁሉ ሲጻፍ፣ እኛ ዘንድ ቤቱ በሳቅ ሞቀ፤ ከኋላ አንዱ «አሁን ገና ሰው ሆነ» አለ። ላም ሲያልብ ያደገ ልጅ በማለብ ውስጥ ውርደት አይታየውም።


የእኅቱ ባል (ደብረ ማርቆስ)

የተከሰስሁት እኔ ስለሆንሁ ለመመለስ ስል ዛሬ ተመዝግቤያለሁ። ከዳንግላ የመጣውን ፍርድ ተቀብያለሁ፤ እኔ በያዝሁት «ተወደደ» አሸንፌያለሁ፣ እርሱም በያዘው ቢያንስ አልተሸነፈም፤ ስለዚህ አንድ አንድ ኪሎ ብንገዛና አብረን ብንበላ ተቃውሞ የለኝም።

ይሁን እንጂ ጉባኤው ሳያውቀው ሊፈርድ የማይገባው አንድ ማስረጃ ተደብቋል። ሰይፉ ሲወረወር «ከፊልሙ ወጥቻለሁ» ያለው አማቼ ይህን ፊልም አራት ጊዜ አይቶታል። ሁለቱን ጊዜ በእኔ ቤት፣ በእኔ ቴሌቪዥን፣ እኅቱ ያፈላችውን ቡና እየጠጣ ነው ያየው። ጮቄ ሥር የጠቀሱት ሁለተኛ ሳምንት በእኛ ቤት አልቀነሰም።


የማርቆስ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ለሁላችሁም አመሰግናለሁ። አንድ አንድ ኪሎውን ተስማምቻለሁ፤ አዋዜውን እርሱ ያመጣል።

አራት ጊዜ የተባለው ግን ስሕተት ስለሆነ እንዲታረምልኝ እጠይቃለሁ። ያየሁት ሦስት ጊዜ ነው። በአራተኛው ሉክ ብቻውን በጠላት ጦር ፊት ወጥቶ ከትከሻው ላይ አቧራውን ጠረግ የሚያደርግበት ቦታ ከመድረሱ በፊት መብራት ጠፋ፤ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ጠብቀን ስላልመጣ ወደ ቤቴ ሄጃለሁ።